የተበዳዩ ደጅ፦ ምሕረትና ይቅርታ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

ጋሥጫ ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ሁሉ ወደ ዓባይ በሚወርድበት በቦረና ወረዳ የሚገኝ ጥንታዊ ገዳም ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃና በ15ኛው መባቻ የኖሩት አባ ጊዮርጊስ በዚህ ገዳም ስም ይጠራሉ፤ ዕረፍታቸውም ሐምሌ 7 ቀን ይታሰባል። ከመናፍቃን ጋር የተሟገቱበት መጽሐፈ ምሥጢር፣ ለእመቤታችን የደረሱት አርጋኖን፣ ሌሊት በየአድባራቱ የሚቆመው ሰዓታት የእርሳቸው ሥራዎች ናቸው። ቢቱ ከሚባለው ሰው ጋር የተከራከሩት በመጨረሻው የፍርድ ቀን ስለሚገለጠው መለኮት ነበር። ስለ ፈራጁ የሚነገረው ቃል እንዳይዛነፍ እንዲያ የተሟገቱት ሊቅ በሰዓታታቸው ሌሊቱን ሙሉ "ማረን" ሲሉ ያድራሉ። እኔ በዚህ ውስጥ ተቃርኖ አይታየኝም። ፍርድን የማይፈራ ሰው ምሕረትን ከልቡ ሊለምን አይችልም።

ከቦረና እስከ አማራ ሳይንት፣ ከከለላ እስከ መቅደላ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቀበሌ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ይኖራሉ። አንዱ በቅዳሴው፣ ሌላው በሶላቱ አምላኩን በመሐሪነቱ ይጠራል። ከቁርኣን 114 ምዕራፎች ከአንዱ በቀር ሁሉም የሚከፈቱት አዛኝና ሩኅሩኅ በሆነው በአላህ ስም ነው። በምሕላ ጊዜ "እግዚኦ" የሚለው ልመና 41 ጊዜ ይደገማል። እንግዲህ አምላክ መሐሪ ስለ መሆኑ በዚህ አገር ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እግዚአብሔር ሲምር የማንን ዕዳ ነው የሚምረው? ሰው ጎረቤቱን ገድሎ ንስሐ ቢገባና ቢማር፣ የተገደለው ጎረቤት በዚያ ምሕረት ውስጥ ምን ድርሻ አለው? ይህ ዳሰሳ የሚከተለው ይህንን ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ከሁሉ አጉልቶ የሚያነሣው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ተአምረ ማርያም በመሠረቱ ከአውሮፓ በዐረብኛ በኩል ወደ ግዕዝ የተሻገረ፣ ኋላም አገር ውስጥ በተደረሱ ተአምራት የሰፋ መጽሐፍ ነው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አዘዙ፤ የእመቤታችን በዓላትም በእርሳቸው ዘመን 33 ሆኑ። የቅምር ሰው የሆነው በላዔ ሰብእ ቤተሰቡን ሳይቀር 78 ነፍስ በልቷል። በመንገድ ያገኘው ለምጻም በብዙ ስም ውሃ ለምኖት እንቢ ካለ በኋላ፣ በማርያም ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ትቀርባለች። በአንድ ወገን 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው ጥርኝ ውሃ ይቀመጣሉ፤ የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍበት ውሃው ይከብዳል። ታሪኩ የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት ይነገራል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሥሎም የማያውቀው ልጅ የለም።

ሰባክያን ብዙ ጊዜ የሚያቆሙት በውሃው ላይ ነው፤ ትንሽ በጎ ሥራ አትናቁ ይላሉ። መልካም ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላው የሚዛኑ ወገን ነው። ሰባ ስምንቱ በዚያ ትዕይንት ውስጥ ክብደት ናቸው እንጂ ድምፅ የላቸውም። "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ተብላ የተጠየቀች ሚስት፣ "አንተስ?" የተባለ ልጅ የለም። ተራኪው ስለ ምሕረት ወሰን አልባነት ሊያስተምር ስለ ተነሣ ዓይኑን ከእነርሱ ላይ አንሥቷል። አላማው ገብቶኛል፤ ዝምታው ግን ዝምታ ነው።

በቡኻሪና በሙስሊም ከተዘገቡት ሐዲሶች አንዱ የዚህ ታሪክ ወንድም ይመስላል። ዘጠና ዘጠኝ ሰው የገደለ ሰውዬ ተውበት፣ ማለትም ንስሐ፣ ይኖረኝ እንደሆነ ብሎ አንድ መነኩሴ ይጠይቃል። መነኩሴው የለህም ሲለው እርሱንም ገድሎ መቶ ይሞላል። ቀጥሎ ያገኘው ዓሊም ግን ከተውበት የሚከለክልህ ማን ነው፣ ደጋግ ሰዎች ወዳሉበት አገር ሂድ ይለዋል። ሰውዬው በመንገድ ላይ ይሞታል። የምሕረትና የቅጣት መላእክት ይከራከሩበታል፤ መንገዱ ሲለካ ወደ ደጋጎቹ አገር በአንድ ስንዝር ቀርቦ ይገኛል፤ ይማራል። ጥርኝ ውሃና ስንዝር መሬት፦ ሁለቱም ተራኪዎች ምሕረት የምትገባበትን ቀዳዳ እስከሚችሉት ድረስ አጥብበውታል። ልዩነታቸው ግን ደስ ይለኛል። በላዔ ሰብእ የሚድነው ለሌላ ሰው ባደረገው አንድ ነገር ነው። የሐዲሱ ሰውዬ የሚድነው ሰው ሊለውጠው ወደሚችልበት አገር እግሩን በማንሣቱ ነው። መቶዎቹ ሙታን ግን እዚህም ዝም ብለዋል።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። ገዳማት ከሚያነቧቸውና በትርጓሜ ከሚማሯቸው መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ማር ይስሐቅ ነው። የነነዌው ይስሐቅ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ትውልዱ ዛሬ ቃጣር በሚባለው አካባቢ የሆነ አባት ነው። ስለ ወይኑ ቦታ ሠራተኞችና ስለ ጠፋው ልጅ እያነሣ የእግዚአብሔርን ሥራ በፍትሕ ሚዛን መለካት እንደማይቻል እስከ መናገር ደርሷል። ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ዶስቶየቭስኪ በ1880 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የካራማዞቭ ወንድማማቾች ልብ ወለድ ውስጥ ይህንኑ የይስሐቅን መጽሐፍ በአንድ አሽከር ቤት ያስቀምጠዋል። በዚያው ልብ ወለድ ኢቫን ለታናሽ ወንድሙ ለአልዮሻ ስለ አንድ ሕፃን ይነግረዋል። ጌታው ሕፃኑን በእናቱ ፊት በውሻ አስነክሶ ገድሎታል። ኢቫን የሚለው እናቲቱ የራሷን ሐዘን ይቅር ልትል ትችላለች፣ የልጇን ሥቃይ ግን ይቅር የማለት መብት የላትም ነው። በዓለም ሥነ ጽሑፍ ለሰባ ስምንቱ ከዚህ የበለጠ ጠበቃ ሲቆምላቸው አላየሁም። አልዮሻ የሚመልስለት ራሱ ያለ በደሉ የሞተውን ክርስቶስን በመጥራት ነው። ተበዳይ የሆነ አምላክ ብቻ ስለ ተበዳዮች ሊምር ይችላል ማለቱ ነው። ለአማኝ ይህ ትልቅ መልስ ነው። ገዳዩ ግን ነገ ጠዋት በገበያ ከሟች እናት ጋር ይገናኛል፤ ለዚያ ሌላ መልስ ያስፈልጋል።

ያ መልስ በወሎ ከታሪኮቹ ይልቅ በሥርዐቱ ውስጥ ይገኛል። በእስልምና የተውበት መስፈርቶች የታወቁ ናቸው፦ ጥፋቱን ማቆም፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መቁረጥ። ጥፋቱ በሰው ላይ የተፈጸመ ከሆነ ግን አራተኛ ይጨመራል፤ የሰው ሐቅ ይመለሳል ወይም ባለሐቁ አውፍ ይላል። ሶላትና ጾም ይዞ የፍርድ ቀን የሚቀርብ፣ ግን ይህን ሰድቦ ያንን መትቶ የመጣ ሰው ከሳሪ እንደሆነ የሚናገር ሐዲስም አለ። መልካም ሥራው ለበደላቸው ሰዎች ይከፋፈላል፤ አልበቃ ሲል የእነርሱ ኃጢአት በእርሱ ላይ ይጫናል። እዚህ ላይ ሙታኑ በመጨረሻ ድምፅ አገኙ። የወሎ ሰው "የሰው ሐቅ አለብኝ" ብሎ ሲጨነቅ የሚፈራው ይህንን ነው።

በክርስትናው ወገንም ወንጌሉ መሥዋዕትህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ወደ ቁርባን አይቀርብም። የነፍስ አባት ሌባ ሲናዘዝለት ከጾምና ከስግደት በፊት የሚያዝዘው የተሰረቀውን መመለስ ነው፤ ዘኬዎስም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። በስቅለት ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል እየጠበጠበ የሚያዝዘው ስግደት ለእግዚአብሔር ያለበትን ይመለከታል። ለጎረቤቱ ያለበትን ያ ወይራ አያነሣለትም። ሁለቱ ሃይማኖቶች ስለ ሥላሴም ስለ ነቢዩም አይስማሙም። በዚህ ነጥብ ላይ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ቃል ናቸው፤ የአምላክ ምሕረት በተበዳዩ ደጅ ያልፋል።

አማላጅን በተመለከተ በሁለቱም ወገን ክርክር አለ። አንዱ ወደ ተድባበ ማርያምና ወደ ግሸን ይጓዛል፤ ሌላው ወደ ዳና፣ ወደ ጌታ፣ ወደ ጀማ ንጉሥ የወልይ ስፍራዎች ለዚያራ ይሄዳል። ምልጃን የማይቀበሉ ፕሮቴስታንቶችና በወልይ መቃብር ደጅ መጥናትን የሚነቅፉ ሙስሊሞች ተመሳሳይ ተቃውሞ ያነሣሉ፦ በፈጣሪና በባሪያው መካከል ማንም አይግባ። ለዚህ ዳሰሳ ጉዳይ ክርክሩ ብዙ አይጨምርም። ሁሉም ወገን ቢያንስ አንድ መካከለኛ ይፈልጋልና፤ እርሱም የተበደለው ሰው ራሱ ነው።

የዚህ እምነት ሕያው ማስረጃ የደም ዕርቅ ነው። በወሎ አበጋር የሚባሉ፣ ብዙ ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ በሚወርድ ክብር የተቀመጡ ሙስሊም አስታራቂዎች አሉ፤ ክርስቲያኑም ቃላቸውን ይሰማል። በአንዳንዱ ቀበሌ ቄሱና ሼሁ ከሌሎች ሽማግሎች ጋር አብረው ይቀመጣሉ። ሰው ሲገደል የገዳዩ ወገን ከአካባቢው ይርቃል። ሽማግሎቹ ወደ ሟች ቤት ይሄዳሉ፤ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ጊዜ አይሰሙም፤ ተመልሰው ይሄዳሉ። ሐዘኑ ረገብ ሲል የደም ካሳ ይቆረጣል። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በሟች ቤተሰብ ፊት ይወድቃል፤ "ስለ እግዚአብሔር"፣ "ስለ አላህ ብላችሁ ማሩኝ" ይላል። ቤተሰቡ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ሲል ብቻ ድንጋዩ ይወርዳል። ከዚያ መሐላ፣ ከዚያ አብሮ መብላት ይከተላል። ወዳጃ ለሚባለው የጸሎት ስብሰባ ተቀምጦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዱዓ ሲደረግ "አሚን" የሚሉት የሁለቱም እምነት ሰዎች ናቸው። ሜሮን ዘለቀ በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ስለሚገኘው የጥሩ ሲና መቃም በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ በሱፊዎች ስፍራ ላይ የሚደረግ ዳኝነት ከሁለቱም ሃይማኖት ባለጉዳይ እንደሚስብ አሳይታለች።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ በተአምሩም በሐዲሱም ያጣሁትን አገኛለሁ፤ ወንጀለኛው ፊቱን ወደ ሟች ወገን ያዞራል። ቢሆንም ሥርዐቱን በጭፍን ላወድሰው አልችልም። ሸንጎው የወንዶች ነው። ባልዋ የተገደለባት ሴት "ይቅር በይ" የሚሏት የባልዋ ወንድም፣ ቄሱ፣ ሼሁና መንደሩ በአንድ ድምፅ ሲሆኑ እንቢ የማለት ዕድሏ ምን ያህል ነው? ዕርቁን ለማጽናት ልጃገረድ ለጋብቻ የተሰጠችባቸው ቦታዎችም ነበሩ፤ የወንዶችን ደም የሴት ልጅ ሕይወት ሲከፍለው ማለት ነው። በግድ የወጣ "ይቅር" የሰው ሐቅን ያወርዳል ብዬ አላምንም። ሁለቱም ሃይማኖቶች ይቅርታ በፈቃድ መሆን አለበት ይላሉና፣ ቄሱና ሼሁ በራሳቸው ትምህርት ሊጠየቁበት የሚገባ ነገር ነው።

በነገሥታቱ ዘንድ ጉዳዩ የባሰ ነው። የኪዳነ ምሕረትን ተአምር በየቤተ ክርስቲያኑ ያስነበቡት ዘርዐ ያዕቆብ፣ ለሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ባሉት በደቂቀ እስጢፋኖስ ላይ የፈጸሙት ቅጣት አሰቃቂ ነበር። ምሕረትን የሚሰብክ መንግሥት ለሚክዱት ምሕረት የለሽ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ በመቅደላ መጨረሻቸው ሲቃረብ፣ በ1860 ዓ.ም. የሕማማት ሐሙስ ብዙ እስረኞችን ገደል አስጥለው፣ በትንሣኤው ሰሞን አስረዋቸው የነበሩትን አውሮፓውያን በሰላም ለቀቁ። ሚያዝያ 6 ራሳቸውን ገደሉ። ገደል የተጣሉት እስረኞች ቤተሰቦች ስለ አውሮፓውያኑ መለቀቅ ምን እንደ ተሰማቸው የጻፈ ሰው አላገኘሁም።

በዚያው መቅደላ ዙሪያ ግን ከነገሥታቱ የበለጠች አንዲት ሴት ነበረች። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጥ በወሎዋ ገዥ በወይዘሮ ወርቂት እጅ ገባ። የእርሷ ልጅ ያን ጊዜ በቴዎድሮስ እጅ እስረኛ ነበር። ምኒልክን አስይዛ ልጇን ልታስለቅቅ ታስብ ነበር የሚሉ አሉ። ቴዎድሮስ ግን ልጇን አስገደሉት። ወርቂት በእጇ የገባውን የሌላ ሴት ልጅ አልነካችም፤ ወደ ሸዋ በሰላም አሳለፈችው። በእርግጥ ፖለቲካም ነበረበት፤ ለሸዋ ወዳጅነት ይጠቅማታል። ቢሆንም ልጇ በተገደለ ጊዜ በቀልን በቅርብ ካገኘችው ሰው ላይ አለመውሰዷ ለእኔ በዚህ አገር ታሪክ ከተደረጉ ታላላቅ ምሕረቶች አንዱ ነው። ወርቂት ሙስሊም ነበረች፤ ምኒልክ ክርስቲያን። ልጆቻችን ስለ መቅደላ በሚማሩበት መጽሐፍ ውስጥ የእርሷ ታሪክ ከአንድ መስመር በላይ ሊሰጠው ይገባል።

ቀጥሎ የመጣው የ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲቀበሉ አዘዙ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሼህ ጦልሃን የመሳሰሉ ዑለማ ተቃወሙ። ሁሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪክ ይህን ዘመን በሰፊው መርምረውታል። ለዳሰሳችን የሚጠቅመው ነጥብ ግልጽ ነው፤ እምነትን ለማዳን ተብሎ የተወሰደ ማስገደድ የሰው ሐቅ ሆኖ ቀርቷል፤ እኔ እስከማውቀውም ይቅርታ በይፋ አልተጠየቀበትም። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ ወይም ጦቢያ ምሕረትን ከጠላት እጅ አውጥቶ አሳይቶናል። የማያውቀውን ምርኮኛ ዋጋ የከፈለለት ነጋዴ ደግነት፣ የእስላሙ ንጉሥም ርኅራኄ በመጽሐፉ ውስጥ ያበራሉ። መጨረሻው ግን የንጉሡና የሕዝቡ መጠመቅ ነው። አፈወርቅ መሐሪው ሰው ሃይማኖቱን ሳይለውጥ መሐሪ ሆኖ እንዲቀር ሊፈቅዱለት አልቻሉም። ወርቂትን ቢያስቧት ኖሮ ሌላ መጨረሻ ይጽፉ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስለ ረሀብም አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በ1965 እና 1966 ዓ.ም.፣ እንደገናም በ1977 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ፣ ሕዝቡ እንደ ልማዱ እግዚኦታ አደረሰ፤ ሙስሊሙ ዝናብ ሊለምን ሜዳ ወጥቶ ሰገደ። ሁሉም "በኃጢአታችን ነው" አለ። የመጀመሪያውን ረሀብ መንግሥት ደብቆት ነበር፤ ዓለም ያየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ከታየ በኋላ ነው። ልጆቻቸው ያለቁባቸው ገበሬዎች ስለ ሌሎች ጥፋት ንስሐ ሲገቡ፣ የደበቁት ሰዎች ንስሐ ሲገቡ አልተሰማም። ድሃን ስለ ረሀቡ ኃጢአተኛ ነህ ማለት ተበዳዩን በዳይ አድርጎ ማቅረብ ነው፤ ይህን ትምህርት ከየትኛውም መድረክ ብሰማው አልቀበለውም።

በዘመናችን ጥያቄው ወደ ሕግ መጽሐፍ ገብቷል። በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች ለደርግ ባለሥልጣናት ይቅርታ እንዲደረግ ጠየቁ። ከተጎጂ ቤተሰቦች መካከል የተቃወሙ ነበሩ። በግንቦት ወር ሞት የተፈረደባቸው 23 ሰዎች ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተቀየረ፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ብዙዎቹ ከእስር ወጡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 የዘር ማጥፋትን፣ ሰውን መሰወርን፣ ማሰቃየትንና የመሳሰሉትን ወንጀሎች ማንም የመንግሥት አካል በምሕረት ወይም በይቅርታ ሊያልፋቸው እንደማይችል ይደነግጋል፤ የሞት ቅጣትን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥን ግን ለርእሰ ብሔሩ ይፈቅዳል። እኔ የሞት ቅጣቱ መቅረቱን እደግፋለሁ። የሃይማኖት አባቶቹ ስሕተት ቅደም ተከተሉ ላይ ነበር፤ ወደ ቤተ መንግሥት ከመሄዳቸው በፊት ወደ እናቶቹ ቤት መሄድ ነበረባቸው። የወሎ ሽማግሌ ይህን አይሳሳትም ነበር።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ክስን፣ እውነት ማውጣትን፣ ካሳንና ቅድመ ሁኔታ ያለውን ምሕረት አብሮ ይዟል። ይህ የሆነው የሰሜኑ ጦርነት ወሎን ካቃጠለ በኋላ ነው፤ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ሌላ ውጊያ በቀጠለበት ጊዜም ነው። ፖሊሲው ሲተገበር የሃይማኖት አባቶች በየመድረኩ "ይቅር ተባባሉ" እንዲሉ እንደሚጋበዙ ጥርጥር የለኝም። በቦረና፣ በወግዲ፣ በሳይንትና በመቅደላ ያላችሁ ቀሳውስት፣ ሼሆች፣ አበጋሮች፦ ያን መድረክ ከመውጣታችሁ በፊት የሟቾችን ቤት ዙሩ። ሴቶቹን ለብቻቸው ጠይቁ። ገዳዩ ሲናገር፣ የት እንደ ቀበረ ሲያሳይ፣ ካሳው ሲቆረጥ እነርሱ ይገኙ፤ እንቢ ካሉም እንቢታቸውን ይዛችሁ ወደ መድረኩ ውጡ።